እንግዳ ሰው በማንችስተር ትራም

(በሬዲዮ ከተሰጡት ሳምንታዊ ንግግሮች)



ከመሥሪያ ቤቶቻችን ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር ተልኮ የተመለሰ ሰው «አገሩን እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሦስት ነገሮች ነው፤ ይኸውም ስለ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ስለ ሆቴሉና ስለ ስብሰባው አዳራሽ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ ያለውን ከተማ ያየው በመኪና መስኮት ስለ ሆነ፣ ዓይኑ ያየውን ልቡ ሳይመዘግበው ይቀራል። ይህን ማለቴ ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ራሴ ከዚህ በፊት እንዲሁ ሄጄ እንዲሁ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ የሄድሁበት አገር ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር ብትጠይቀኝ ስለ ሆቴሉ ቁርስ አጫወትኋት። እርስዋም፣ «ቁርስማ እዚህም አለ» ብላ ዝም ያሰኘችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ማንችስተር ከተማ ለአጭር ትምህርት በተላክሁ ጊዜ፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የቀሩኝን ሦስት ቀኖች ከከተማው መካከል ተነሥቶ ወደ ዳርቻው በሚዘልቀው ትራም ላይ ተቀምጬ ለማሳለፍ ቈረጥሁ። ዛሬ የምነግራችሁም በእነዚያ ቀኖች ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ በእኛ አቈጣጠር ነው ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ትራም ማለት በከተማ መንገድ ላይ ከመኪናና ከእግረኛ ጋራ አብሮ የሚሄድ፣ ኃይሉንም ከላይ ከተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቀበል የሐዲድ ሠረገላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ስለሚያውቅ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የማንችስተሩ ትራም ግን ሁለት ጠባይ አለው። በከተማው መካከል ሲያልፍ በሱቆችና በሕዝብ መካከል እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ከከተማው ወጥቶ ቀድሞ የምድር ባቡር ይመላለስበት በነበረው ሐዲድ ላይ ሲገባ ግን በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ያው አንዱ ሠረገላ፣ ያው አንዱ ነጂ ነው፤ መንገዱ ብቻ ነው የሚለወጠው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ማንችስተር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም የጀመረችው በ1901 ነው። ብዙ ሕዝብ በእርሱ ወደ ጥጥ ፋብሪካውና ወደ መጋዘኑ ሲመላለስበት ኖረ። በኋላ ግን ሐዲዱ እያረጀ ሄደ፤ አውቶቡስ ደግሞ ርካሽና ዘመናዊ መስሎ ታየ፤ ትራምም ያለፈ ዘመን ዕቃ ተደርጎ ተቈጠረ። በጃንዋሪ ወር 1949 የመጨረሻው ትራም ተመላልሶ ቆመ። ይህን ያደረገች ማንችስተር ብቻ አይደለችም፤ ለንደን በ1952፣ ግላስጎው በ1962 እንዲሁ አድርገዋል። በዚያን ጊዜ ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በፊታቸው የነበረው ሒሳብ እንደዚያ አድርጉ ይላቸው ነበረ።

ነገር ግን ከተማይቱ አንድ የቆየ ሕመም ነበረባት። በስተ ሰሜን ያለው የቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የፒካዲሊ ባቡር ጣቢያ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ስለ ነበሩ፣ ከሰሜን መጥቶ ወደ ደቡብ ለመሄድ የፈለገ ሰው ከአንዱ ወርዶ ሻንጣውን ተሸክሞ ከተማውን አቋርጦ ሌላውን መሳፈር ነበረበት። በምድር ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ ሁለቱን ለማገናኘት ታስቦ ነበረ፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ ስለ ከበደ በ1970ዎቹ ዓመታት ሐሳቡ ተተወ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ፣ ዋሻ መቆፈሩን ትቶ ባቡሩን ራሱን በአደባባይ በመንገዱ ላይ ማሳለፍ ሆነ። በሰሜን ወደ በሪ፣ በደቡብ ወደ ኦልትሪንከም የሚሄዱ ሁለት የቆዩ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመሮች ነበሩ፤ የበሪው በ1916፣ የኦልትሪንከሙ በ1931 በኤሌክትሪክ መሥራት የጀመሩ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ወደ ትራምነት ተለውጠው በከተማው መካከል በተዘረጋ አዲስ ሐዲድ ተያያዙ። በአፕሪል 6 ቀን 1992 የመጀመሪያው ትራም ከቪክቶሪያ ወደ በሪ ሄደ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ንግሥት ኤልሣቤጥ መርቀው ከፈቱት። ከተማይቱ በትራም ሳትጠቀም የኖረችበት ዘመን ሲቈጠር 43 ዓመት ይሆናል። በአንድ ዘመን ያለ ዋጋ የተጣለውን መልሶ ለመጀመር ወደ 145 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ የባቡር ጣቢያዎች መድረካቸው ከፍ ያለ ስለ ነበረ፣ መድረኩን ከማፍረስ ትራሙን ከፍ አድርጎ መሥራት ይረክሳል ተባለ። ስለዚህ በከተማው መካከል የሚሠሩት አዲሶቹ ፌርማታዎችም ከፍ ማለት ግድ ሆነባቸው። ዛሬ ከመድረኩ ወደ ሠረገላው ሲገባ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ሆነ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት የማንንም እጅ ሳይለምኑ ይገባሉ። ገንዘብ ለመቈጠብ የተደረገ ነገር ለደካማው ሰው እንዲህ ሲጠቅም ማየት በእውነቱ ደስ ያሰኛል።

መስፋፋቱ ግን በቀላሉ አልተገኘም። በ2008፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ወደ ከተማው የሚገባ ባለመኪና ክፍያ ይክፈል፣ መንግሥትም ለመጓጓዣው ትልቅ ገንዘብ ይስጥ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ፣ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 79 ያህሉ «አይሆንም» አሉ። ብዙዎች የትራሙ ነገር በዚህ አበቃ ብለው ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የአካባቢው ዐሥር ማዘጋጃ ቤቶች ተሰብስበው በአንድነት ገንዘብ ለማዋጣትና ለመበደር ተስማሙ። ከዐሥሩም መካከል ሦስቱ፣ ይኸውም ቦልተን፣ ስቶክፖርትና ዊጋን፣ የትራም ሐዲድ ገና ያልደረሰላቸው ናቸው። ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት መምሪያዎችን እንኳ በአንድ ደብዳቤ ላይ ለማስፈረም የደከመ አድማጭ ካለ፣ ዐሥር ማዘጋጃ ቤቶችን፣ ያውም ሦስቱን ለጎረቤት ጥቅም ማስፈረም ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ሳልነግረው ይገባዋል። ሁለት መስመር ሆኖ የተጀመረው ትራም በ2020 ወደ ትራፎርድ ሴንተር የሚሄደው ሐዲድ ከተከፈተ በኋላ 8 መስመር፣ 99 ፌርማታና 103 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሆኗል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዞ ልመለስ።

በመጀመሪያው ቀን ጧት በከተማው መካከል በሴንት ፒተርስ አደባባይ ቆሜ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባው ትራም መጥቶ በሩን ሲከፍት፣ ቲኬት የሚቈርጠውን ሰው በዓይኔ ፈለግሁ። ማንም የለም። በበሩም ላይ የሚቆም፣ በውስጥም እየዞረ «ሒሳብ!» የሚል ሰው የለም፤ ነጂውም በመስተዋት ተከልሎ ከተሳፋሪው ጋራ አይገናኝም። ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት በመድረኩ ላይ ካለው መሣሪያ ቲኬት ይገዛል፣ ወይም የባንክ ካርዱን ሲሳፈርና ሲወርድ በዚያ በተተከለው መንኪያ ላይ ያስነካል። ዋጋውም የሚታሰበው በክልል ነው። ከ2019 ጀምሮ ከተማውና ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ አንዱን በከበበ በአራት ክልል ተከፍሏል፤ መካከሉ 1ኛ፣ ዳርቻው 4ኛ ነው። ቲኬት ሳይኖረው የተገኘ ሰው ከባድ መቀጫ ይከፍላል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን የሚመጡት አልፎ አልፎ ስለ ሆነ፣ ነገሩ በአብዛኛው ለሰውዬው ኅሊና የተተወ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ከመሣሪያው ፊት ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ስለ ነበረ እያፈርሁ፣ መጀመሪያ የታየኝን ተጭኜ ቲኬት ገዛሁ። ትራሙም ተነሣ። ከፍ ባለው ድልድይ ላይ ወጥቶ በካስልፊልድ በኩል ሲያልፍ፣ ከታች የቆዩ የጡብ መጋዘኖችና ጀልባ የቆመባቸው ቦዮች ይታያሉ። ከዚያው አጠገብ በ1830 ከሊቨርፑል የመጣው ባቡር ሰው ያወረደበት ጣቢያ አለ፤ ሁለት ታላላቅ ከተሞችን በእንፋሎት ኃይል ያገናኘ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር መስመር መሆኑ የታወቀ ነው።

ከጎኔ ጋዜጣ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበረ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና እስከ ኦልትሪንከም፣ እስከ መጨረሻው እንደምሄድ ነገርኋቸው። በእጄ ይዤው የነበረውን ቲኬት በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ተመለከቱና፣ «ይህ ለ1ኛው ክልል ብቻ ነው፤ ኦልትሪንከም ደግሞ 4ኛ ነው» አሉኝ። ደነገጥሁ። እኔ ቲኬት አለኝ ብዬ ኮርቼ ተቀምጬ ነበረ። «ምን ይሻለኛል?» ብላቸው ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ዛሬ ዝናብ ስለ ሆነ ተቆጣጣሪዎቹ ሻይ እየጠጡ ይሆናል» ብለው ጋዜጣቸውን ማንበብ ቀጠሉ።

አድማጮቼ፤ ያን ጊዜ በልቤ የተመላለሰውን ብደብቅ ሐሰት ይሆንብኛል። ማንም አያየኝም። ልዩነቱም ጥቂት ፓውንድ ነው። ነገር ግን በኪሴ ያለው ፓስፖርት ትዝ አለኝ፤ ከተያዝሁም የሚጻፈው የእኔ ስም ብቻ ሳይሆን የአገሬም ስም ጭምር እንደ ሆነ አሰብሁ። በእውነቱ ከኅሊናዬ ይልቅ የፈራሁት ይህን ሳይሆን አይቀርም። በስትሬትፎርድ ፌርማታ ወረድሁ፤ በዝናቡ ቆሜ የሚገባውን ቲኬት ገዛሁ። እያንዳንዱ መስመር በየ12 ደቂቃው የሚመላለስ ሲሆን ወደ ኦልትሪንከም ሁለት መስመሮች ስለሚሄዱ፣ ኮቴ በጣም ሳይረጥብ የሚቀጥለው ትራም ደረሰ። ሽማግሌው ግን ከፊተኛው ትራም በመስኮት ሆነው እጃቸውን አንሥተው ተሰናብተውኝ ነበረ። እያሾፉብኝ ይሁን እያመሰገኑኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከስትሬትፎርድ በኋላ ሐዲዱ ከብሪጅወተር ቦይ ጋራ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ቦይ በ1761 ተከፍቶ የድንጋይ ከሰል በጀልባ ወደ ማንችስተር ያመላለሰ ነው፤ አሁን ግን የመዝናኛ ጀልባ ያልፍበታል፣ ዳክዬም ይዋኝበታል። ሴል፣ ብሩክላንድስ፣ ቲምፐርሊ እያለ ቤቱ ይሰፋል፣ ዛፉ ይበዛል። ናቪጌሽን ሮድ በሚባለው ፌርማታ ትራሙና የምድር ባቡሩ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሐዲድ ተካፍለው፣ እንደ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች ጎን ለጎን እየተያዩ ያልፋሉ። በኦልትሪንከም ገበያ ሻይ ጠጣሁና ተመለስሁ።

ስመለስ በኦልድ ትራፎርድ ወረድሁ። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ይህን ስም የማውቀው በእግር ኳስ ሜዳው ነበረ። ከፌርማታው አጠገብ ያለው ግን የክሪኬት ሜዳ ነው፤ የማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ ጥቂት በእግር ያስኬዳል። እኔን ያወረደኝ ግን ኳስ አይደለም። በሜይ 5 ቀን 1882 በዚህ ሰፈር አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስምዋም ሲልቪያ ፓንክረስት ነው። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ በሜይ 5 ቀን 1936፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገተውን ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም በለንደን ያወጡት እኒሁ ወይዘሮ ናቸው። ያች ዕለት የልደታቸውም ቀን ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በድል አድራጊነት አዲስ አበባ የገቡት በዚያችው ዕለት፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ሲልቪያ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኑሯቸውን ከእኛ ጋራ አደረጉ፤ በእኛ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀን ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በመንገድ ያገኘኋቸውን ሁለት ሰዎች ስለ እርሳቸው ጠየቅሁ። አንደኛው አላወቃቸውም። ሁለተኛዋ፣ ውሻ ይዛ የምትሄድ ወጣት፣ «እናትየዋን ነው የማውቃት፤ ሐውልትዋ ከትራሙ ፌርማታ አጠገብ አለ» አለችኝ። እውነትዋን ነው። የሴቶችን የምርጫ መብት ለማስከበር የታገሉት የእናታቸው የኤመሊን ፓንክረስት ሐውልት በ2018 በሴንት ፒተርስ አደባባይ ቆሟል፤ በወንበር ላይ ወጥተው ሲናገሩ ያሳያል። ጧት ከዚያ ተሳፍሬ ሳላያቸው አልፌያለሁ፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ቲኬት ቈራጩን ይፈልግ ነበረ።

ከኦልድ ትራፎርድ ስነሣ በሐዲዱ አጠገብ ሰፊ ጋራዥ አየሁ። ትራሞቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ነው፤ ሌላም ተመሳሳይ ጋራዥ በስተ ሰሜን በኩዊንስ ሮድ አለ። በ1992 የተጀመረባቸውና በኋላም የተጨመሩት 32 የጣልያን አገር ሠረገላዎች እየተበላሹ ስላስቸገሩ፣ እስከ 2014 ድረስ ሁሉም ከሥራ ወጥተው በአዲስ ተተክተዋል፤ አዲሶቹም ቍጥራቸው 147 ደርሷል። ከእነዚህም ሁሉም በአንድ ቀን አይወጡም፤ ጥቂቶቹ ሁልጊዜ ተራ በተራ በመካኒክ እጅ ናቸው። ይህን ባየሁ ጊዜ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያ ይዞ፣ ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ሆኖ ሲጀመር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ለሚመላለሰው ሠራተኛ ምን ያህል እፎይታ እንደ ነበረ እኔም በየጧቱ የቀመስሁት ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ በማጣት ከሥራ ውጭ ሆነው መቆማቸውንም በጋዜጣ አንብበናል፤ በመሳፈሪያው ላይ ቆመንም አይተነዋል። እስከ ዛሬ በምረቃ ቀን ሪባን የተቈረጠለት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት አላየሁም። የበጀት ወር በደረሰ ጊዜም ከሠንጠረዡ ላይ አስቀድሞ የሚሰረዘው የትኛው መስመር እንደ ሆነ ከአድማጮቼ መካከል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኦልደም በኩል ወደ ሮችዴል ሄድሁ። ይህ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኦልደም በጥጥ ፈትል ዓለምን የሚያስንቅ ከተማ ነበረ፤ የፋብሪካዎቹ ጡብ ሕንፃዎች አሁንም ከመስኮት ይታያሉ። ትራሙ ዳገቱን እየወጣ፣ በኦልደም ጎዳና መካከል ጠመዝማዛውን ሲዞር፣ አንዲት አሮጊት በከባድ የገበያ ከረጢት ተሳፈሩ። ተነሥቼ ቦታዬን ብለቅላቸው፣ «አመሰግናለሁ ፍቅሬ» አሉኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ የዚያ አገር ሰው ለማያውቀው ሁሉ «ፍቅሬ» ማለት ልማዱ ነው፤ ባለሱቁም፣ ነጂውም ይላል፤ እኛ ለማናውቀው ልጅ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ ዓለም» እንደምንለው ነው። እንግሊዝ ቀዝቃዛ ሕዝብ ነው እየተባለ ሲነገረኝ ኖሮ፣ በትራም ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ፍቅሬ ተባልሁ።

በሮችዴል ወርጄ ቶድ ሌን ወደሚባለው መንገድ ሄድሁ። በዚያ በዲሴምበር 21 ቀን 1844 አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከፍታ ነበረ። የከፈትዋት ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ማኅበርተኞቹ 28 ነበሩ፤ ያዋጡትም ገንዘብ 28 ፓውንድ ያህል ነው። በመጀመሪያው ማታ የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበረ። ሚዛኑ ትክክል፣ ዱቄቱም ያልተደባለቀ እንዲሆን፣ ትርፉም ለሸማቹ በገዛው ልክ እንዲመለስ ደነገጉ። በዓለም ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁሉ፣ የእኛዎቹ ጭምር፣ ደንባቸውን የሚያያይዙት ከእነዚህ ሰዎች ነው። ሱቅዋ አሁን ቤተ መዘክር ናት። ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው የሐሳቡ ግማሽ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ሌላውን ግማሽ፣ ይኸውም ትርፉን በጽሑፍ ደንብ ማከፋፈሉን፣ ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት አስረዳኝ። በመኪና ወደ ስብሰባ ብሄድ ኖሮ ሮችዴል የምትባል ከተማ መኖርዋን እንኳ ሳላውቅ እመለስ ነበረ።

በሦስተኛው ቀን፣ አውሮፕላኔ ማታ ስለ ነበረ፣ ከሴንት ፒተርስ አደባባይ በኦክስፎርድ መንገድ በእግሬ ወርጄ ኦል ሴንትስ ወደሚባለው ሰፈር ደረስሁ። በ1945 በኦክቶበር ወር አምስተኛው የመላው አፍሪካውያን ጉባኤ የተሰበሰበው በዚያ ባለው በቾርልተን ኦን ሜድሎክ ማዘጋጃ ቤት ነው። ክዋሜ ንክሩማህና ጆሞ ኬንያታ በዚያ ነበሩ። ጉባኤውን ካሰናዱት አንዱ በጉያና የተወለደ፣ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የቀድሞ ስሙን ትቶ ራስ መኮንን ተብሎ የተጠራ ሰው ነው፤ በማንችስተር ምግብ ቤቶች ነበሩት። የሕንፃው ፊት ዛሬም ቆሟል፤ መታሰቢያ ጽሑፍም ተለጥፎበታል። ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው እየተሳሳቁ በአጠገቡ ያልፋሉ። እኔ በዚያ ቆሜ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁ።

ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ በ2014 በተከፈተው መስመር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድሁ። የምድር ባቡር ቢሳፈሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያደርሳል፤ ትራሙ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆቴሉም፣ አስተማሪዬም በምድር ባቡር ሂድ ብለውኝ ነበረ። እኔ ግን ጊዜ ነበረኝ። ትራሙ በቾርልተን አልፎ፣ የመርሲን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዊደንሾ በሚባለው ሰፊ ሰፈር ውስጥ ይጠማዘዛል። ይህ ሰፈር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ በተጨናነቀው የከተማ መካከል የሚኖረውን ድኻ ሕዝብ ወደ አትክልት ቦታ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤቱ የሠራው ነው። ትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ገቡ፣ ወረዱ፤ የሥራ ልብስ የለበሱ ሴቶችና ወንዶች ለማታው ፈረቃ ወደ ማረፊያው ይሄዳሉ። መንገደኛ መስዬ የታየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ለሌላው ሁሉ ትራሙ የመሥሪያ ቤት መንገድ ነው።

የእጄን ቲኬት ደጋግሜ አየሁት፤ 4ኛውን ክልል ይጨምራል። በዚያ ሁሉ ሦስት ቀን ግን አንድም ተቆጣጣሪ አልጠየቀኝም።

በመጨረሻው ፌርማታ ሻንጣዬን አውርጄ መደገፊያ ስፈልግ፣ ነጂው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከፊት ክፍል ወረደ። በመድረኩ ላይ እየተራመደ ወደ ኋላው ጫፍ ሄደና በዚያ ያለውን በር ከፍቶ ገባ፤ ፊት የነበረው ኋላ ሆነ። የማታው ፈረቃ ሲገባ የጧቱ ፈረቃ ሠራተኞች ደክመው መጥተው በየመቀመጫው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ እግርዋን ዘረጋች፤ በሩም ተዘጋ፤ ትራሙ ወደ ቪክቶሪያ ተመለሰ።